ላልተሄደ ጉዞ የተፈረመ ዋስትና

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ጋር ጣና ዳር ካለ አንድ አሳ ቤት ቁጭ ብለን የታዘዘ ጥብስ ስንጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ስለ ብሔራዊ ቡድን ማውራት ጀመረ። የትኛው ስፖርት እንደነበር እንኳ ልብ አላልኩም። ከኋላው ቢጫ የለበሱ ልጆች ወዲህ ወዲያ ይሮጣሉ፤ አሰልጣኙ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብሎ «ለዓለም ውድድሩ የምናደርገው ዝግጅት በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» አለ። ልጄ ስልኩን ይነካካል፣ አስተናጋጁ ሎሚ ይቆርጣል፣ የሰማው ሰው የለም። እኔ ግን ቀና አልኩ። ያችን አባባል አውቃታለሁ። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ፣ ከዚያው ከተቀመጥንበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ሌላ አሰልጣኝ ለአንድ ሌላ ጋዜጠኛ ቃል በቃል እንደዚያ ሲል ከኋላው ከሚሮጡት አንዷ እኔ ነበርኩ። ልጄ ቀና ብሎ «ምነው እማዬ፣ ቀዘቀዝሽ?» ቢለኝ «ረሃብ ነው» አልኩት። አሳው ሲመጣ ግን አልበላሁም።

የዚያን ጊዜዋ ባሕር ዳር ዛሬ ብፈልጋት አላገኛትም። ዘንባባዎቹ አሉ፤ ግን ያኔ ከሥራቸው ጥላ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነበር፣ አሁን መኪና ነው የሚቆምባቸው። ፖስታ ቤቱ ጥግ ሳይክል የሚያከራይ አንድ ሰው ነበር፤ በስሙኒ ሰዓት ሙሉ ትነዳለህ፣ ሰንሰለቱ ቢወልቅ ደግሞ የአንተ ዕዳ ነው። ትልቅ አሳ በሃምሳ ሳንቲም ይገዛል፣ የሸራ ጫማ በስድስት ብር፤ ሸራው ሲቆሽሽ በጠመኔ ቀብተን አዲስ እናስመስለዋለን። ሳሙናና ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነው፤ ሰልፉ ላይ የተዋወቁ ተጋብተው የወለዱ አውቃለሁ። ወንዶቹ ካኪ፣ ትንሽ የደፈሩት ታቹ የሰፋ ሱሪ፤ እኛ ሴቶች ቴትሮን ቀሚስና አፍሮ። ጠዋት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሰልፍ ሰልፍ የሚል ዘፈኑን ይለቃል፤ ማታ ደግሞ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ከየመጠጥ ቤቱ ደጅ አንዲት ቀጭን የትዝታ ዜማ ትሰማለች፣ ዘፋኙም የሚሰማውም ቶሎ ቶሎ ነው። ስናገረው የሚያምር ይመስላል። አያምርም ነበር፤ ወጣት ስለነበርን ነው።

ሁላችንም የፋብሪካ ሰዎች ነበርን። አባቴ፣ ጋሼ ይግዛው ይሉታል፣ የመራዊ ሰው ነው፤ በጨርቃ ጨርቁ ሽመና ክፍል ፎርማን ነበር። ቤታችን ግሽ አባይ ሰፈር ነው፤ የፋብሪካው ሳይረን ሲጮኽ ጣሪያችን ይነዝራል። እኔም ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ እዚያው ክር ማጠንጠኛው ላይ ገባሁ፤ ከሥራ በኋላ በፋብሪካው ቡድን መረብ ኳስ እጫወታለሁ። ኳስ አቀባይ ነበርኩ። የማቀብላት ደግሞ አያልነሽ ነበረች።

አያልነሽ የእንፍራንዝ ልጅ ናት። አባቷ የለም፣ እናቷ አገር ቤት ናት፣ አንድ ወንድም ነበራት። ቁመቷ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ የሕፃን። ከመረቡ በላይ ስትነሳ ኳሷን ለመምታት ሳይሆን አንድ ነገር ከቆጥ ለማውረድ የምትዘረጋ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ትመታለች። ከወዲያ ማዶ ያሉት ልጆች ገና ሳትመታ ፊታቸውን ይሸፍናሉ። እኔ ካቀበልኳት ኳስ መሬት ያልነካ ትዝ አይለኝም። አባቴ ጨዋታ አይገባውም ነበር፤ እሷ ስትጫወት ግን ከሜዳው ዳር ቆሞ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው።

የሴቶች ብሔራዊ ቡድን በአንድ ወዳጅ አገር ወደሚደረግ የዓለም ውድድር ይሄዳል ሲባል ከባሕር ዳር እኔና እሷ ተመረጥን። ከአዲስ አበባም፣ ከድሬዳዋም፣ ከአስመራም የተለቀሙ ልጆች ወደ እኛ መጡ፤ ውድድሩ ያለበት አገር ቆላ ነውና ሙቀት ይልመዱ ተብሎ። አንድ ትምህርት ቤት መኝታ ክፍል ውስጥ ከተትን። ሜዳችን ሐይቁ ዳር የተደለደለ መሬት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሳ የመታነው ሰርቭ ዞሮ ወደራሳችን ይመጣል። ኳሶቹ ሦስት ነበሩ፤ አንዷ ሐይቅ ገብታ ውሃ የጠጣች፣ ክንድ የምታደነዝዝ። መረቡ ሲበጠስ አሳ አጥማጆች በራሳቸው ክር ይቋጥሩልናል። አሰልጣኛችን ግርማ የሚባል አጭር የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ፊሽካው ከአፉ አይወጣም፣ በፊሽካው ውስጥ ይናገራል። ጭንቀቱ ሁሉ ወለሉ ነበር። «እዚያኮ ወለሉ እንጨት ነው!» ይላል፣ አፈር ላይ በወደቅን ቁጥር። እንጨት ወለል ላይ የቆመች ከመካከላችን አልነበረችም። በመጨረሻ የፋብሪካውን መጋዘን ለምኖ፣ የጥጥ እስሩን ወደ ግድግዳ ገፍተን ሲሚንቶ ላይ ለመድን። ከእጅ አይሻል ዶማ። ጉልበታችን ተላጠ፣ ብናኙ አሳለን፣ ማታ ማታ ከአፍንጫችን ጥጥ እናወጣለን። ግርማ ያችን አባባል የነገረው ጋዜጠኛ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ቢሆንም ዝግጁ ነበርን። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፣ ዝግጁ እንደነበርን ግን ማንም አይካደኝ።

ከውጭ ጉዞ በፊት የሚጠየቀው አንድ ነገር ግን ኳስ አልነበረም፤ ዋስ ነው። እያንዳንዷ ተጓዥ የመንግሥት ደመወዝ ያለው አንድ ሰው ታመጣለች፤ ሰውዬው «ከአገር ወጥታ ባትመለስ እኔ እጠየቃለሁ» ብሎ ይፈርማል። መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ለማንም አይተረጎምም ነበር። ለእኔ አጎቴ፣ የመራዊው አስተማሪ፣ ፈረመልኝ። አያልነሽ ግን ዋስ አጣች። ወንድሟ ከጥቂት ወራት በፊት ጠፍቷል፤ በረሃ ገባ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ከእሷ ጋር ሲነጋገር ዓይኑ በትከሻዋ ላይ አልፎ ይሄዳል። የሽፍት ኃላፊዋን ጠየቀች፣ ወገቡን አመመው። አንድ ዘመዷ ለቅሶ አለብኝ ብሎ ከከተማ ወጣ፤ ማን እንደሞተበት እስከዛሬ አልታወቀም። የምታከራያት ሴትዮ ባል ደግሞ እጁ ላይ ብጉር ወጥቶበት ብዕር መያዝ አልቻለም። በዚህ እንስቅ ነበር፣ መጀመሪያ ላይ።

አንድ ማታ እኛ ቤት ራት ቀርቦ ሳለ ገባች። አልተቀመጠችም።

«የሺ፣ እኔ ቀረሁ» አለችኝ። «ለሁሉም ለመንሁ። ነገ ዋስ ካላመጣሁ በሌላ ልጅ ይተኩኛል። ልነግርሽ ነው የመጣሁ።»

አባቴ እጁን ከገበታው ላይ አነሳ። «እኔስ ደመወዝ የለኝም እንዴ? ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«እንዴት ብዬ ጋሼ? ልጆች አሉዎት።»

«ጠዋት ከሳይረኑ በፊት ደጅ ጠብቂኝ» አለና መብላቱን ቀጠለ።

እሷ እንደወጣች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ዝቅ ያለው ድምፅ ነው የሚያስፈራው፣ «አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ወንድሟ የት እንዳለ ታውቃለህ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አለችው።

«ወንድሟን አላውቀው። እሷን አውቃታለሁ። በሽመና መኪናው ላይ ክር ሲበጠስባት ማሽኑን አቁማ የምትቋጥር እሷ ብቻ ናት፤ ሌላው ያሳልፈዋል፣ ጨርቁ ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሰው አይከዳም።»

«ብትቀርስ?»

«ብትቀር እጠየቃለሁ። ዋስ ማለት ይኸው አይደለም? ሰው የሌላትን ሰው ማን ይሁናት?»

እናቴ ሳህኑን አንስታ ወጣች። በማግስቱ አባቴ የእሑድ ኮቱን ለብሶ ሄዶ ፈረመ። አያልነሽ በዚያ ቀን ልምምድ ላይ ያቺን ውሃ የጠጣች ኳስ ሳይቀር ስትመታ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ይጮህ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አላየኋትም።

ወደ አዲስ አበባ ልንነሳ ዕቃችንን ጠቅልለን ሳለ አሰልጣኝ ግርማ ሜዳው ላይ ሰበሰበን። ፊሽካው በአፉ አልነበረም። ያኔ ነው የገባኝ።

«አንሄድም» አለ። «ከበላይ የመጣ ውሳኔ ነው። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ እኔም አልጠየቅሁም።»

ከድሬዳዋ የመጣችው ልጅ ሣር ላይ ተዘረረች። ሌላዋ «ለሚቀጥለው ውድድር ነው?» አለች። ኳሶቹን መልቀም ጀመረ። አረንጓዴ ቱታችንን አጥበን እንድንመልስ ተነገረን፤ አጥበን፣ ዘንባባ ሥር ገመድ ላይ አስጥተን፣ አጥፈን መለስን። እስከዛሬ ሰዎች ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ትልልቁን ሞት ያወራሉ፤ ትክክል ናቸው። እኔ ግን ያ የተሰጣ ቱታ ነው የሚመጣብኝ፣ ባዶ እጅጌው በነፋስ ሲወዛወዝ። ብሔራዊ ቡድኑ እኛን ዳግም አልጠራንም።

አባቴ ብልህ ነው። በዚያው ሰሞን የፈረመበት ቢሮ ሄዶ «ጉዞው ከቀረ ወረቀታችንን መልሱልን» አላቸው። ጸሐፊው ቀና ሳይል «መዝገብ ቤት ገብቷል። መዝገብ ቤት የገባ አይወጣም» አለው። ቤት መጥቶ ለእኔና ለእናቴ እንደቀልድ ነገረን። እናቴ አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ወራት አለፉ፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ አደይ አበባው አልቋል። አያልነሽን የደኅንነት ሰዎች ስለ ወንድሟ ሊጠይቋት ወሰዷት። በሁለተኛው ቀን ተመለሰች፤ ምን እንዳደረጓት አልነገረችኝም፣ ቀኝ እጇን ግን ከፍ ማድረግ አልቻለችም። እንደገና እንደሚመጡ ነግረዋታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት መጣች፤ አባቴ ጓሮ እንጨት እየፈለጠ ነበር፣ እኔ አጠገቡ።

«ጋሼ፣ እናቴ ዘንድ ልሂድ ነው» አለች። ከእንፍራንዝ አልፋ ወዴት እንደምትሄድ ሦስታችንም እናውቃለን፤ ከዚያ ወደ መተማ፣ ከመተማ ወደ ሱዳን ነው። «አንድ ነገር ነው የያዘኝ። ያች የፈረሙልኝ ወረቀት…»

አባቴ መጥረቢያውን ጣለ። «የቷ ወረቀት?»

«የዋስትናዋ።»

«እሷማ ቀረች! ጉዞው ሲቀር ወረቀቷም ከጉዞው ጋር ቀረች። እኔው ራሴ ጠይቄ ተመለሰችልኝ፣ እሳት አያያዝሁባት። አንቺ ነፍስሽን አውጪ ልጄ። ስለ እኔ አታስቢ።»

አየኝ። ዝም አልኩ። አያልነሽ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች፣ እኔን አቀፈችኝ፤ በአንድ እጇ ነው ያቀፈችኝ። በማግስቱ በጎንደር አውቶቡስ ሄደች። አባቴ እስኪመሽ እንጨቱን ፈለጠ፤ ከሚያስፈልገን በላይ ነበር።

ወዲያው በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ቤታችን መጡ። ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ያኔ ከነበርኩበት ዕድሜ አይበልጥም፣ አባቴን ግን አንተ ነው የሚለው።

«የአያልነሽ ዋስ አንተ ነህ?»

«ለውድድሩ ነበር የፈረምሁ። ውድድሩ ቀርቷል።»

«ወረቀቱ ውድድር አይልም። ከአገር ወጥታ ባትመለስ ነው የሚለው። ወጥታለች። ተመልሳለች?»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «አልተመለሰችም» አለ።

«እንግዲያው ተነስ። እሷ ስትመጣ ትወጣለህ።»

የእሑድ ኮቱን እንዲያመጡለት ጠየቀ። አልፈቀዱለትም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓመት ሁሉ አንድ በአንድ አላወራውም፤ ሆድ ይፍጀው። እናቴ በየሳምንቱ ስንቅ ትይዛለች፣ እኔ ከሽፍት ስወጣ እከተላታለሁ። ከእስር ቤቱ ግንብ ሥር የሚቆመው ሴት ሁሉ ተላምዶ ነበር፤ ሽንኩርት እንዋዋሳለን፣ የልጅ ክትባት እንነጋገራለን። አባቴን አንዳንዴ በፍርግርግ ስንጥቅ እናየዋለን። ከስቷል፣ ጥርሱ ረግፏል። እኛን ደህና ናችሁ ወይ ካለ በኋላ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው። «ደረሰች?» ይላል። እናቴ ፊቷን ታዞራለች። እኔ «ወሬ የለም አባባ» እላለሁ። አንድ ጊዜ አንዱ ጠባቂ ሰምቶ «ብትደርስ ለአንተ ምን ይበጅሃል? አንተን የሚያስፈታህ መመለሷ ነው» ቢለው፣ «እሱማ እውነት ነው» አለ አባቴ፤ ሌላ አልጨመረም። እናቴ በአራተኛው ዓመት አረፈች። ለቅሶዋ ላይ እንዲቆም ለመንን፣ አልለቀቁትም። ያኔ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አያልነሽን በልቤ ረገምኳት። የትም ብትሆን፣ ተደላድላ ቡና ብትጠጣ፣ ከሱዳንም አልፋ ሀብታም ብታገባ፣ አንድ ቀን ትዝ እንበላት አልኩ። ኳስ መረብ ሲያልፍ እንኳ ማየት ጠላሁ።

ዘመኑ ሊለወጥ ሲል እስረኛ ሲለቀቅ እሱም ወጣ። ያስገቡት ሰዎች ራሳቸው የት እንደገቡ አይታወቅም፤ ስለ ወረቀቱ የጠየቀ የለም። ፎርማንነቱን ሌላ ይዞታል። ቀኑን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ በዚያ የሚያልፈውን የጎንደር አውቶቡስ ሁሉ ይቆጥራል ብዬ እጠረጥራለሁ። ከዚያ ድንበሩ ተከፈተ፣ ከሱዳን ሰው መመለስ ጀመረ። እኔ አንድም ሳላልፍ ጠየቅኩ። በመጨረሻ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ተመላሽ ሴት አገኘሁ፤ ያን ጊዜ በዚያ መንገድ፣ በዚያው ሰሞን የሄደች ናት። ረጅም፣ ቀኝ እጇ የሚያማት፣ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ የምትል ልጅ ስል ሚዛኗን አስቀመጠች።

«አወቅኋት» አለችኝ። «አብራን ነበረች። ድንበር አልደረሰችም እኮ፣ እታለም። መተማ ሳንገባ ወባ ያዛት፤ በሦስት ቀን ሞተች፣ ከተነሳን ሳምንት እንኳ ሳይሞላ። በጨርቅ ጠቅልለን ከአንድ ዋርካ ሥር ቀበርናት። ከአገር አልወጣችም።»

ከአገር አልወጣችም። እነዚያ ሁለቱ ቤታችን ደጃፍ ቆመው «ወጥታለች። ተመልሳለች?» ሲሉ፣ እሷ በገዛ አገሯ መሬት ውስጥ ነበረች። እናቴ ስንቅ ያመላለሰችው፣ እኔ የረገምኩት፣ አባቴ ጥርሱን ያራገፈው፣ የሚጠበቅ ሰው ሳይኖር ነው። ከገበያ እስከ ቤት እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ለአባቴ ልደብቀው አሰብኩ፤ ግን ገና ከበሩ ሲያየኝ «አገኘሽ?» አለኝ። ነገርኩት።

«እኔን ከመውሰዳቸው በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት ነው አባባ።»

«እንግዲያው ያን ሁሉ ጊዜ ነፃ ነበርሁ ማለት ነው» አለ። አላለቀሰም። አለማልቀሱ ይብስ ነበር። «እናቷስ?» አለኝ። እናቷም ከሞተች ቆይታለች፤ ወንድሟም ከገባበት አልወጣም። «ፍትሐት ያደረገላት ሰው የለማ» አለና ከዘራውን ፈለገ።

ወደ ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን እጁን ይዤ ወሰድኩት። ለዚያ ቀን ኮቱን ለብሷል፤ ትከሻው አልሞላውም። ቄሱ አዲስ የመጡ ወጣት ናቸው፣ አያውቁንም። የክርስትና ስሟን ጠየቁ፤ ወለተ ኪዳን አልኳቸው። ከሞተች ስንት ዓመቷ እንደሆነ ሲሰሙ ደነገጡ፣ መጽሐፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

«እስካሁን ያላሰባት ሰው የለም እንዴ?» አሉ። ከዚያ አባቴን አይተው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ። እርስዎ ለሟች ምኗ ነዎት? አባቷ ነዎት?»

«አይደለሁም» አለ አባቴ። «ዋሷ ነኝ።»